አንዴ የተለካ ሰው

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ዛሬ አባባን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐሳቡ የእኔ አልነበረም። ታላቅ እህቴ እታለም ከምትኖርበት ከተማ በስልክ ስትነዘንዘኝ ከርማ ነው። ታላቄ ስለሆነች ስልክ ዘግቼባት አላውቅም፤ የስፌት መኪናውን እየነዳሁ ግን አዳምጣታለሁ። ከምትለው ግማሹ አይሰማኝም፣ ሌላውን ግማሽ አውቀዋለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ።

«አባት፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«የሥራ ቀን» አለ አባባ።

ስህተት ነው ብላ ለመጻፍ ተቸገረች። ሰኞ ነበር።

የግድግዳ ሰዓት እንዲስል ወረቀት ሰጠችው። ክቡን አሳምሮ ሳለው። ከዚያ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ አየና በአንድ በኩል ጠበብ አደረገው። ምን እያደረገ እንደሆነ ብትጠይቀው፣ «የእጅጌ ቀዳዳ ድፍን ክብ ከሆነ ብብት ላይ ይሰበሰባል» አላት። በመጨረሻ ሦስት ቃላት ነግራው ነበር፤ ወንበር፣ አበባ፣ ባቡር። ቆይታ መልሶ እንዲነግራት ስትጠይቀው፣ «ትከሻሽ ሠላሳ ስምንት ነው፤ ጋውንሽ ግን አርባ ሦስት። ማነው እንዲህ የተጫወተብሽ?» አላት። ጋውኗን ቁልቁል አየች። እውነቱን ነው።

ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አነጋገረችኝ። የመርሳት በሽታ ነው አለች። በመጀመሪያው ደረጃ ሰው ስም ይጠፋበታል፣ ዕቃ ያስቀመጠበትን ይረሳል፤ የለመደውን ሥራ ግን ይሠራል። በመካከለኛው ሰውና ዘመን ይምታታበታል፣ መንገድ ይጠፋበታል፣ አንድን ሥራ ከየት ጀምሮ የት እንደሚጨርስ ግራ ይገባዋል። በመጨረሻው ቃል ያልቅበታል፤ ለመብላትም ለመራመድም ሰው ይፈልጋል። ደረጃዎቹ አጥር የላቸውም፣ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው አለች።

«አባትህ ከመጀመሪያው ወደ መካከለኛው እያለፉ ነው።»

«ስለዚህ መጀመሪያው ላይ ናቸው።»

«እያለፉ ነው ነው ያልኩት።»

«ገና አላለፉም ማለት ነው።»

መቼ ነው የጀመራቸው ስትለኝ ዘንድሮ አልኳት። ካቻምና መርፌዎቹን በሙሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያገኘኋቸው አይቆጠርም። በጣም ሞቃት ሰሞን ነበር።

ማታ እታለም ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ከማቀዝቀዣው በስተቀር።

«ነሐሴ መጨረሻ እመጣለሁ» አለች። «ደህና ከሆነ ካንተ ጋር ይቆይ። ካልሆነ መኪና አስመጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ዕቃ ነው እንዴ?»

«ዕቃማ ቢሆን ላንተ እተወው ነበር።»


ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ሥራ ደህና ነው። አባባ ሁለት ሱሪ ቆረጠ፣ እኔ ሰፋሁ።

ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምንሠራው። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እኔ እሰፋለሁ። መንገዱ ሁሉ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ልክ ጽፎ አያውቅም። አንድን ሰው አንድ ጊዜ ይለካዋል፣ በቃ፣ እስከ ዕድሜ ልኩ ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀመጣል። ሰውየው ከዓመታት በኋላ ቢመጣ አባባ ከበር ላይ አየት አድርጎ የጨመረውን ይጨምርለታል። «አንዴ የተለካ ሰው ተለካ» ይላል። እንደገና ለካኝ ማለት ስድብ ነው። አንድ የባንክ ጥበቃ እንዲህ ብሎት ከነጨርቁ ወጥቷል።

እኔ አዲስ ጨርቅ ላይ መቀስ አሳርፌ አላውቅም። ግራኝ ነኝ፣ መቀሱ የቀኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።


ረቡዕ፣ ሰኔ 19

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሙሉ ልብሱን ሊሞክር መጣ። ትምህርት ሲከፈት ንግግር የሚያደርግበት ነው። ትልቅ ሰው ነው፤ በሩን ሲገባ ክፍሉ ትንሽ ይጨልማል።

ኮቱን አለበስኩት። ሁለቱ ጎኖች አልተገናኙም። ሊገናኙም ያሰቡ አይመስሉም ነበር። አባባ ስፒል በከንፈሩ ይዞ ዞረው።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ትንሽ ጠቦ...»

«የቆረጥኩት ልክ ነው። አንተ ነህ ያለ ልክህ የመጣኸው።»

ዳይሬክተሩ መስታወቱን ረዥም ጊዜ አየ። ሆዱ በኮቱ መሃል ጎረቤት በመስኮት እንደሚያይ ወጥቶ ያያል። «ይሄ ኮት የዛሬ ሃያ ዓመት ልክ ይሆነኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

ያኔ ገባኝ። አባባ የቆረጠው ለዳይሬክተሩ አይደለም። መጀመሪያ ለለካው፣ አዲስ ለተቀጠረው ቀጭን መምህር ነው። አንድ ሴንቲሜትር አልሳተም።

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ዳይሬክተሩ እጁን አነሳ። «ተወው። ጋሼ ልክ ናቸው። ኮቱ ይቀመጥልኝ።» ወጣና በር ላይ የቆመውን ታክሲ መልሶ በእግሩ ሄደ።

የልክ ስህተት የለበትም። የዓመት ስህተት ነው። ይሄ ለሐኪሟ የሚነገር አይመስለኝም።


ዓርብ፣ ሰኔ 28

ወሬው ተዳረሰ። አጠገባችን ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ምላጭ የምንለው ነው፤ ስሙ የወጣለት ከሙያው ይልቅ ከአፉ ነው። በመስኮት ራሱን አስገብቶ፣ «አባትህ ሰው ያሳንሳሉ አሉ። እኔን ከሚስቴ እናት ፊት ያሳንሱኛል እንዴ፣ ወይስ ያ በነፃ ነው?» አለኝ።

ዳይሬክተሩ በየጠዋቱ በደጃችን በእግሩ ያልፋል። እያለፈ ወደ ውስጥ ኮቱን ያየዋል፣ እንደ ባለዕዳ።

ከሰዓት የሻይ ቤቷ ባለቤት መጣች። የሠርጓን ቀሚስ አባባ ነበር የሰፋላት። «ጋሼ፣ ያኔ ወገቤ ስንት ነበር?» አለችው። ቀና ሳይል «ሃምሳ ዘጠኝ» አላት። ወገቧን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ በዚያው ልክ ቀሚስ አዘዘች።

«ትለብሺዋለሽ?» አልኳት።

«ምን በወጣኝ። ባሌ በሚቀመጥበት ፊት ለፊት እሰቅለዋለሁ።»


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

ሩጫ ነው። ሰባት ትዕዛዝ። ሰባቱም የሚፈልጉት ዛሬ የሚለብሱትን ነው፣ ሰው ሁሉ እንደ ዳይሬክተሩ አይደለም። ሜትር ይዤ ወደ አንዱ ስጠጋ አባባ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ ያልለካሁት ሰው አለ?» ሜትሩን ኪሴ ከተትኩ።

መላ ያስፈልጋል።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

መላ ተገኘ። ደንበኛውን «ጨርቁ እስኪመረጥ ምላጭ ዘንድ አረፍ ይበሉ» እለዋለሁ። ምላጭ ወንበሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ነጩን የፀጉር ጨርቅ አንገቱ ላይ ያስርለታል። እኔ በኋላ በር እገባና ከጨርቁ ሥር በዳበሳ እለካዋለሁ። አባባ በመስኮት ቢያይ ፀጉሩን የሚቆረጥ ሰው ነው የሚታየው። እንዳያስነቃ ምላጭ መቀሱን ከላይ ያንቀጫቅጫል።

ችግሩ ምላጭ ባዶ መቀስ ማንቀጫቀጭ አይችልም። እጁ አያስችለውም። አንድ ጠበቃ ለሱሪ መጥቶ ጎኑና ኋላው ተላጭቶ ሄደ። ወገቡን ስለካ ደግሞ ኩርኩር ይለዋል መሰለኝ፣ ከጨርቁ ሥር እየተቁነጠነጠ ሲስቅ ተራ የሚጠብቀው ሰውዬ «እዚህ ፀጉር ቤት ውስጥ ምንድን ነው የሚደረገው?» ብሎ ተነስቶ ወጣ።

አባባ እንደ ወትሮው ይቆርጣል። ከእራት በኋላ እኔ አስተካክላለሁ። ማስተካከል ሲባል አንዳንዴ ከአዲስ ጨርቅ መጀመር ይሻላል። የግራ እጅ መቀስ ገዛሁ። ለማስተካከያ ብቻ ነው።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 11

ጠዋት ከጓዳ ወደ ሱቁ ስገባ አባባ ከጠረጴዛው ኋላ ቆሞ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ሥራ ፈልገህ ነው?»

«አዎ።»

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከጓዳ።»

«ሩቅ ነው?»

«አይ፣ ቅርብ ነው።»

«እንግዲያው ማርፈድ የለም።» ቁራጭ ጨርቅ ሰጠኝ። «የቁልፍ ቀዳዳ ስፋና አሳየኝ።»

ሰፋሁ። መነጽሩን አድርጎ በብርሃን አየው። «ማን አስተማረህ?»

«አባቴ።»

«አባትህ ክር ይቆጥባል እንዴ?»

ይቆጥባል። ሕይወቴን በሙሉ ልለው ፈልጌ ያልደፈርኩት ነገር ነው።

ቀጠረኝ። ከዛሬ ጀምሮ «እርስዎ» እለዋለሁ። ተቀጣሪ ጌታውን «አንተ» አይልም።

በመጀመሪያው ደረጃ ስም ይጠፋል ብላለች ሐኪሟ። የጠፋው የእኔ ስም ነው። መልኬም አብሮ ሄደ፣ ከስም ጋር የሚሄድ ነገር ነው።


ሰኞ፣ ሐምሌ 15

ላለፉት ጠዋቶች ሁሉ በፈተና ተቀጥሬያለሁ። ዛሬ ወደቅኩ። እንቅልፍ አልነበረኝም፣ እጄ ሳተ። «ሌላ ቦታ ሞክር፣ ልጄ» አለኝ በደግነት፣ በሩንም ከፈተልኝ።

ደጅ ቆሜ ሳለሁ ምላጭ ለነጩ ጨርቅ ማሰሪያ ክር ሊለምን ገባ። ቁራጭ ጨርቅ ተሰጠው። ተፈተነ። አለፈ።

ቀኑን ሙሉ ቁልፍ ሲተክል ዋለ። መነሳት ሲፈልግ አባባ ያየዋል፣ እሱም ይቀመጣል። የራሱ ደንበኞች ሲያጡት ወደ እኛ መጡ፤ አንዱ ሳሙና እንደተቀባ ነበር። እኔ ደጅ ቆሜ ቀጠሮ ስሰጥ ዋልኩ።

«አባትህ ደግ ሰው ናቸው» አለኝ ምላጭ ማታ ወገቡን ይዞ፣ «ግን የምሳ እረፍት የሚባል ነገር አያውቁም።»


ረቡዕ፣ ሐምሌ 17

ካውያው። ምንም አልተፈጠረም። ገበያ ደርሼ እስክመለስ ነው። ጠረጴዛው ላይ የካውያ ቅርጽ አለ፣ ጥቁር፣ ጥርት ያለ። መስኮቶቹን ከፍቻለሁ። ለእታለም አይነገርም። የአባባ አውራ ጣት ቅባት ተደርጎበት ታስሯል፣ ቃጠሎው ትንሽ ነው።


እሑድ፣ ሐምሌ 28

ማታ ነው፤ በደንብ ልጻፈው።

ከሰዓት ሸሚዝ ሳጥብ ሱቁ ዝም አለ። ወጥቼ ባየው ባዶ ነው። አባባ የለም። የልብስ ማሳያው አሻንጉሊትም የለም፤ ምላጭ አቶ ዝምታ የሚለው፣ ራስ የሌለው፣ ባለ አንድ እግሩ። መንገዱን ወደ ላይ ሮጥኩ፣ ወደ ታች ሮጥኩ። አንድ ሽማግሌና አንድ ራስ የሌለው ሰው አይታችኋል ብዬ ስጠይቅ ሰዎች ከእኔ ነበር የሚሸሹት።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። በር ላይ የትራፊክ ፖሊስ ቆሟል። በአንድ እጁ አባባን፣ በሌላው አቶ ዝምታን ይዟል።

«ይሄ የእናንተ ነው?»

«የትኛው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። አባት እንግዳቸውን ሊሸኙ አውቶቡስ ፌርማታ ቆመው ነበር። ሦስት አውቶቡስ አስቁመዋል፣ እንግዳው አልሳፈርም አሉ።»

አባባ ፖሊሱን አመሰገነ። «ልክህ የት ነው ያለው?» አለው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። «የለካሁህ አይመስለኝም።»

እራት ላይ አቶ ዝምታ አብሮን ተቀመጠ። አባባ አልበላም፣ እንግዳ ሳይበላ አይበላም። ለእንግዳው ሳህን አቀረብኩለት፣ አባባ ሲዞር እኔ በላሁለት። ሁለት እራት በላሁ። አባባ ምን ያህል እንደበላ አላየሁም።

ሐኪሟ መንገድ መጥፋት መካከለኛው ደረጃ ላይ ነው ብላለች። ግን እሱ አልጠፋም፣ ሰው ሊሸኝ ነው የሄደው። የመጀመሪያውን ደረጃ ጎኑን ትንሽ ለቀቅ አድርጌዋለሁ። ገና ትርፍ ጨርቅ አለው።

ጠዋት ምላጭ ለአንድ አዲስ ደንበኛ ሲናገር ሰምቼው ነበር። «የሚቆርጠው ልጁ ነው፤ በጣም ጎበዝ ነው። ግን ለአባትየው እንዳትነግር። ለልጁም እንዳትነግር።»

ምን ለማለት እንደሆነ አልገባኝም።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 7

ጠዋት አልቀጠረኝም። አላባረረኝምም። ዝም ብሎ አየኝ።

መቀሱን አቀበልኩት። በስለቱ በኩል ያዘው። ቀስ ብዬ አስለቀቅኩት። አገላብጬ ሰጠሁት፣ ተቀበለኝና ኪሱ ውስጥ ሊከተው ሞከረ።

ዳይሬክተሩ ኮቱን ሊሞክር መጣ፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። ቁልፉ ሊገናኝ ጣት ያህል ነው የቀረው። «ጋሼ፣ ተቃርቤያለሁ» አለው። አባባ ኮቱን በእጁ ዳሰሰ። «ጥሩ ጨርቅ ነው» አለ። «የማነው?»

ልኮቹ የሉም። ሁሉንም ጠየቅኩት፤ የሻይ ቤቷን፣ የጠበቃውን፣ የእናቴን። የእናቴን ስጠይቀው ፈገግ አለ፤ ቁጥር ግን አልመጣም። የመንገዱ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። አሁን የት ሄዱ?

ወደ ማታ ሰውነቱ ጋለ። ቆሞ መሄድ አቃተው። ይሄን ነገር ስጠብቀው የነበርኩ መሰለኝ፣ ምክንያቱም አልገረመኝም። መጻፉ ያሳፍራል፤ ስለቱን ይዞ ቆሞ ሳየው ግን ከእሱ ይልቅ ለራሴ ነበር የፈራሁት። ነገ ማነው የሚቆርጥልኝ ብዬ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 9

ሐኪሟ መጣች። በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚወርድ ከሆነ ሁልጊዜ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት አለች። የሽንት ኢንፌክሽን ነው። መድኃኒት ሰጠችው። ጋውኗ ትከሻዋ ላይ ልክ ሆኗል፤ ማን እንዳጠበበላት አልጠየቅኩም፣ በቅናት።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 14

ተመለሰ። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ በእግሩ ወደ ሱቁ ወጣ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ለምላጭ «ፀጉርህን ተቆረጥ» አለው። ለሐኪሟ ደውዬ ድኗል አልኳት።

«ከኢንፌክሽኑ ነው የዳኑት» አለችኝ። «ከዚህ በላይ ብዙ አይመለሱም። መካከለኛውን ይዘዋል፤ ለአንዳንድ ነገር ወደ መጨረሻው ጠጋ ብለዋል። ምግብ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥ።»

የማቀዝቀዣውን መርፌ ነገርኳት። አመሰገነችኝ።

ለእታለም «ደህና ነው» አልኳት። ከነበረበት አንጻር ሲታይ ውሸት አይደለም።


ዓርብ፣ ነሐሴ 24

ነገ ትመጣለች። ዝግጅት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የካውያ ቅርጽ በጨርቅ ሸፍኛለሁ። ምላጭ ደንበኛ መስሎ ይገባል። ዳይሬክተሩ ኮቱን ይሞክራል፤ ሁለት ቀን እራት እንዳይበላ ነግሬዋለሁ። አባባ የሚጠበቅበት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «እንዴት ነህ» ማለት ብቻ ነው። ስምንት ጊዜ ተለማመድን። አምስቱ ጥሩ ነበር።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

እታለም ገባች። አንድ ትንሽ ሻንጣ። አባባ ከወንበሩ ሆኖ «ግቢ፣ የኔ እመቤት» አላት። ጉንጩን ሳመችው። ደንበኛ ስማው ስለማታውቅ ትንሽ አፈረ።

ወዲያው ምላጭ ገባ፣ ቶሎ ነው የገባው፣ እስክትቀመጥ አልጠበቀም። ባርኔጣ አድርጓል።

«ጋሽ ሜትር፣ ያቺ የለኩኝ ሱሪ ደርሳለች?»

እታለም አየችው። «አንተ ፀጉር አስተካካዩ አይደለህም?»

«ፀጉር አስተካካይ ሱሪ አይለብስም ያለው ማነው?»

ከዚያ ዳይሬክተሩ መጣ። ኮቱን ለበሰ። ትንፋሹን ውጦ ቁልፉን ሳበ፤ ገባ። እውነቴን ነው፣ ገባ። ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፊቱ ብቻ ቀላ። ምላጭ አጨበጨበ። አባባም አብሮ አጨበጨበ።

«ቆንጆ ነው» አለው። «ማነው የሰፋልህ?»

ዳይሬክተሩ «እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ» ሊል አፉን ከፈተ። ለመናገር ደግሞ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ቁልፉ ተፈናጥሮ አቶ ዝምታን ደረቱ ላይ መታው። አቶ ዝምታ ወደቀ፤ ሲወድቅ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ይዞ ወደቀ። የካውያው ቅርጽ ወጣ።

እኔ ሳቅኩ። ምላጭ ሳቀ። ዳይሬክተሩ ራሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እታለም ብቻ አልሳቀችም። ጠረጴዛውንም አላየችም። የምታየው አባባን ነው። ወዳቂውን ሊያነሳ ብድግ ብሎ ነበር፤ በአንድ እጁ ሱሪውን ጨብጧል። ሲለቀው ሱሪው ወረደ።

አንስታ አስታጠቀችው። ቀበቶው ወገቡን ዞሮ ዞሮ ጫፉ ጀርባው ደርሷል። ሱሪው ከፊት እንደ ከረጢት አፍ ተሰብስቧል። ኮቱ ውስጥ ሁለት ሹራብ ነበር፣ ለማሞቅ መስሎኝ ነበር።

«ይሄ ሱሪ የማነው?» አለችኝ።

«የራሱ ነው።»

«ክረምቱን ሙሉ የመንገዱን ሰው ሁሉ ስትለካ ከረምክ አሉኝ። በመንገድ ላይ ነው የነገሩኝ፣ ገና ከታክሲ ሳልወርድ። እሱንስ?»

ምላጭ ባርኔጣውን አወለቀ። ዳይሬክተሩ ኮቱን ቀስ ብሎ አወለቀ። ሁለቱም ወጡ።

«ሰኞ መኪናው ይመጣል» አለች።


እሑድ፣ ነሐሴ 26

ከእራት በኋላ ነው። አባባ ተኝቷል። እታለም ራሷ አጉርሳው በላ፣ ከእኔ ጋር ከሚበላው እጥፍ።

የተሰቀሉትን ልብሶች አንድ በአንድ አየቻቸው። አባታችን ልብስ ሰፊ ነው፤ እሷም ስፌት ማንበብ ታውቃለች።

«እነዚህን ማነው የቆረጠው?»

«አባባ።»

«አባባ ዛሬ መቀስ ሳሳየው አመሰግናለሁ ብሎ ወደ አፉ ሊወስደው ነበር።»

የተሰቀለ ኮት አንገትጌ አስተካከልኩ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ትቆጣለች ብዬ ነበር። የኮት ትከሻ በጣቷ ዳሰሰች። «ጥሩ ነው» አለች፣ እንደ ተናደደ ሰው። «እንግዲያው ሱቁ ያለ እሱ ይሄዳል።»

«ይሄዳል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እዚህ የሚቆየው? ቤቴ ግቢ አለው። ሰው አለ። እዚህ ማን አጠገቡ ተቀምጦ ያበላዋል?»

ለሱ ሲባል ነው ልላት ነበር። ለመድኃኒቱ፣ ለለመደው ወንበር፣ ለመንገዱ ሰው። ክረምቱን ሙሉ ለራሴ ስናገረው የነበረ ነው፣ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ ያለ እሱ የማልሄደው» አልኳት።

ተነስታ ሳህን አጠበች። የታጠበውንም እንደገና አጠበችው።


ሰኞ፣ ነሐሴ 27

በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። አባባን ብርሃን ላይ አቆምኩት። ሜትሩን አወጣሁ። ምላጭ ከደጁ አየኝና መቀሱ እጁ ላይ ቆመ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ አባባ።

«ልለካህ።»

«ተለክቼ የለም?»

«የለም፣ አባባ። አንተን የለካህ ሰው የለም።»

እውነት ነው። የራሱን ልብስ በግምት ነበር የሚቆርጠው፤ በሌላ ሰው እጅ መለካትን አይወድም። ዛሬ ግን ክንዱን አነሳ፣ ልክ እንደ ጥሩ ደንበኛ፣ ሳልነግረው። ወገቡን ስዞር እጆቼ ከጀርባው በቀላሉ ተገናኙ። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ጠራሁት። እታለም ጻፈችው። ደረቱንም፣ የእግሩንም ርዝመት ጻፈች። አሁን ተጽፎ ያለ ብቸኛው የሱቃችን ልክ የእሱ ነው።

ግራጫውን ጨርቅ ዘረጋሁ። በጠመኔ አሰመርኩ። የግራ እጅ መቀሴን ከመሳቢያ አወጣሁ። ሰው እያየኝ ስቆርጥ የመጀመሪያዬ ነው። አባባ ጠጋ ብሎ ከመቀሱ ጋር አብሮ በጠረጴዛው ዳር ሄደ።

«በግራ ነው የምትቆርጠው» አለ።

«በግራ ነው።»

ጎንበስ ብሎ መስመሩን በአንድ ዓይኑ አየው። «ቀጥ ብሏል» አለ። ወደ ወንበሩ ተመለሰ፣ ሌላ ቃል ቀኑን ሙሉ አልተናገረም።

ከሰዓት ሱሪው አለቀ። አለበስነው። ሁለት እጁን ለቅቆ እስከ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። መኪናው ያን ጊዜ ደጅ ላይ ቆሞ ጡሩምባ ነፋ። አባባ ለሹፌሩ እጁን አውለበለበለት፤ ሹፌሩም አውለበለበ።

እታለም ወጣች። በመስኮቱ በኩል ከሹፌሩ ጋር ተነጋገረች፣ ረዥም። እኔ የወደቀ ቁራጭ ጨርቅ ስለቅም ነበር፤ የሚለቀም ሲያልቅ የለቀምኩትን መልሼ በተንኩት። መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። ቀና ማለት አልደፈርኩም።

ስትገባ ሹፌሩ አብሯት አልነበረም። አባባ አጠገቧ ቆሞ የአዲሱን ሱሪ ኪስ እየፈተሸ ነበር።

«ካውያውን ከሱቁ ታወጣለህ» አለችኝ። «ምግቡ የእኔ ነው፣ መድኃኒቱ የእኔ ነው፣ አንተ ሥራህን ሥራ። እስከ መቼ ብለህ እንዳትጠይቀኝ።»

«አልጠየቅኩም።»

«የያዝኩት ልብስ ለሁለት ቀን ነው። የቤት ቀሚስ ያስፈልገኛል።»

ሜትሩን አንስቼ ተጠጋኋት። ምላጭ ከነወንበሩ ወደ በራችን ቀረብ ብሎ ተቀመጠ፣ ደንበኛውንም ይዞ።

«ወገቤን ጮክ ብለህ ከጠራህ» አለችኝ በጆሮዬ፣ «መኪናውን አስመልሼ ይዤው እሄዳለሁ።»

ለካኋት። ለማንም አልተናገርኩም። እዚህም አልጽፈውም።